ናፍጣ ሲንር የባለ መኪናው ሒሳብ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የአንድ ወይም የሁለት ከባድ መኪና ባለቤቶች የጻፏቸው ናቸው። የሁሉም ጭንቀት ናፍጣ ስለሆነ የሚመሳሰሉትን አጣምረን መልሰናል። ለስሌት እንዲመች ናፍጣ በሊትር 100 ሲሸጥ ቆይቶ 125 ገባ ብለን እንያዝ፤ ገንዘቡ የየትም አገር ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ የወሰድነው መኪና ሲጫን በ100 ኪሎ ሜትር 42 ሊትር፣ ባዶውን ሲሄድ 28 ሊትር ይጠጣል። የእርስዎ መኪና ቁጥር ሌላ ከሆነ ተክተው ያስሉ።

ናፍጣ ሲጨምር የጭነቱ ባለቤት ብዙም ሳይከራከር «ጭማሪውን እኔ እችላለሁ» አለኝ። ተጭኜ በሄድኩበት ኪሎ ሜትር ልክ እያሰላ ይከፍለኛል። ሆኖም ወሩ ሲያልቅ እጄ ላይ የሚቀረው ከበፊቱ ያነሰ ነው። ገንዘቡ የት ነው የሚሄደው?
*ባለ አንድ ተሳቢ*

ገንዘቡ የሚቀረው በመመለሻው መንገድ ላይ ነው። 500 ኪሎ ሜትር ተጭነው ሄደው 500 ባዶዎን ተመለሱ እንበል። ሲሄዱ 210 ሊትር፣ ሲመለሱ 140 ሊትር፣ በድምሩ 350 ሊትር ያቃጥላሉ። ሊትሩ በ25 ስለጨመረ ተጨማሪ ወጪዎ 8,750 ነው። የጭነቱ ባለቤት ግን የሚያስበው የ210ሩን ሊትር ብቻ ነው፤ ስለዚህ 5,250 ይከፍልዎታል። የቀረው 3,500 በየምልልሱ ከኪስዎ ይወጣል። በወር 8 ጊዜ ከተመላለሱ 28,000 ሆነ ማለት ነው። ሰውየው አላታለለዎትም፤ የተስማማችሁበት ስሌት ነው የጎደለው።

ትክክለኛው አካሄድ የሙሉ ምልልሱን ሊትር በተጫኑበት ኪሎ ሜትር ማካፈል ነው። 350 ሊትር ለ500 ሲካፈል በኪሎ ሜትር 0.7 ሊትር ይመጣል። ይህን በዋጋ ልዩነቱ በ25 ሲያባዙት በተጫነ ኪሎ ሜትር 17.5 ይሆናል። የጭነቱ ባለቤት ሲሰጥዎት የነበረው 10.5 ነበር።

በመቶኛ መነጋገር የሚቀለው ደንበኛም አለ። ለዚያ ምልልስ በፊት 100,000 ይከፈልዎት ከነበረ የናፍጣው ድርሻ 35,000፣ ማለትም 35 በመቶ ነበር። ናፍጣ በ25 በመቶ ሲጨምር የማጓጓዣው ዋጋ በ35 በመቶው ሩብ፣ በ8.75 በመቶ ማደግ አለበት። አዲሱ ዋጋ 108,750 ነው። «ናፍጣ ሩብ ስለጨመረ ዋጋዬም ሩብ ይጨምር» ብሎ የሚሄድ ባለ መኪና ክርክሩን ገና ሳይጀምር ይሸነፋል፤ ደንበኛው ጎማውም፣ ኢንሹራንሱም፣ የሾፌሩ ደሞዝም በሩብ እንዳልጨመረ ያውቃል። ሊትሩንና የናፍጣውን ድርሻ በወረቀት ይዞ የሚቀርብ ሰው ግን ቢያንስ ይደመጣል።

ውሉ ላይ ሳይጻፍ መቅረት የሌለበት ነገር አለ። የመነሻው ዋጋ ስንት እንደሆነ በቁጥር ይቀመጥ። የአሁኑ ዋጋ ከየት እንደሚወሰድ ይጠቀስ፤ በይፋ የሚወጣ ዋጋ ይሁን እንጂ «በገበያው ዋጋ» የሚል ቃል አይበቃም። የየትኛው ቀን ዋጋ እንደሚሠራም ይለይ፦ ውል የተፈረመበት፣ የተጫነበት ወይስ የተራገፈበት? ዋጋ እየወጣ ባለበት ጊዜ ለባለ መኪናው የሚሻለው የተጫነበት ቀን ነው፤ ናፍጣው የሚቀዳው ያኔ ነውና። ናፍጣ ሲወርድም ዋጋው በዚያው ስሌት እንደሚወርድ ራስዎ አስቀድመው ይጻፉት፤ ይህን ያየ ደንበኛ ለመፈረም አያመነታም።

ሥራው በደላላ ከመጣ አንድ ነገር ይጨመርበታል። ደላላው 10 በመቶ የሚቆርጠው ከጠቅላላው ሒሳብ ላይ ከሆነ ከናፍጣ ጭማሪዎም 875 ይወስዳል። የነዳጅ ጭማሪው በደረሰኙ ላይ ለብቻው ይስፈር፤ ኮሚሽን ከመሠረታዊው ዋጋ ላይ ብቻ ይቆረጥ።

ሥራ ሞልቷል፤ ገንዘብ ግን የለም። ደንበኞቼ የሚከፍሉኝ በ45 ቀን ነው፤ ናፍጣ ደግሞ በዱቤ የሚሰጠኝ የለም። በፊት እንዲህ አልቸገርም ነበር።
*ባለ ሁለት መኪና*

በፊትም ገንዘብዎ ደንበኛው ጋ ተይዞ ነበር፤ መጠኑ አነስተኛ ስለነበር አልተሰማዎትም። አንድ መኪና በወር 8,000 ኪሎ ሜትር ቢሠራና ግማሹን ተጭኖ ግማሹን ባዶ ቢሄድ 2,800 ሊትር ይፈጃል። በ100 ሒሳብ የወር ናፍጣው 280,000 ነው። ክፍያው ከ45 ቀን በኋላ የሚመጣ ከሆነ የአንድ ወር ተኩል ናፍጣ፣ ማለትም 420,000፣ ሁልጊዜ ደጅ ነው ያለው። ሊትሩ 125 ሲገባ ይህ 525,000 ይሆናል። የማጓጓዣ ዋጋዎን በትክክል ቢያስጨምሩ እንኳ ይህን 105,000 በአንድ መኪና አስቀድመው ከኪስዎ ማውጣትዎ አይቀርም። እርስዎ ሁለት መኪና ስላለዎት እጥፍ ነው። ትርፋማ ሆኖ እያለ የሚቆም መኪና የሚቆመው በዚህ ምክንያት ነው።

ቀላሉ መፍትሔ ደንበኛው ናፍጣውን ሲጫን እንዲከፍል መጠየቅ ነው። ሙሉ ቅድሚያ ክፍያ የማይሰጥ ድርጅት እንኳ «የናፍጣውን ብቻ» ሲባል ብዙ ጊዜ ይስማማል፤ ምክንያቱም ናፍጣ ከሌለ ጭነቱ እንደማይነቃነቅ ይገባዋል።

ሁለተኛው መንገድ ቶሎ ለሚከፍል ቅናሽ ማድረግ ነው፤ ይህ ግን ሳይሰላ አይገባበትም። በ45 ቀን ፈንታ በ7 ቀን ለሚከፍል 2 በመቶ ቢቀንሱ ለ38 ቀን 2 በመቶ ወለድ እየከፈሉ ነው። በዓመት ሲሰላ ወደ 20 በመቶ ይጠጋል። ባንክ ከዚያ ባነሰ ወለድ የሚያበድርዎት ከሆነ ብድሩ ይሻላል፤ ብድር የማያገኙ ከሆነና ያለዚያ መኪናው የሚቆም ከሆነ ቅናሹ ይሻላል።

የርክክብ ሰነዱንም አይርሱ። የ45 ቀኑ ቆጠራ በብዙ ድርጅቶች የሚጀምረው ጭነቱ የተራገፈ ዕለት ሳይሆን የተፈረመበት ሰነድ ሒሳብ ክፍል የገባ ዕለት ነው። ሾፌሩ ሰነዱን ጋቢና ውስጥ አስቀምጦ ሌላ ጭነት ይዞ ከሄደ አሥር ቀን በከንቱ ያልፋል። እንደተራገፈ ፎቶው በስልክ ይላክ፤ ዋናው በመጀመሪያው አጋጣሚ ይድረስ።

ሾፌሬ መኪናው 48 ሊትር ይጠጣል ይላል። እኔ 40 ነው የማውቀው። ናፍጣ እየተቀዳ ይሆን? በሰው ላይ ሳልናገር እንዴት ላረጋግጥ?
*ባለቤት*

መጀመሪያ ይለኩ። ታንኩን በአንድ ማደያ፣ በአንድ መቅጃ፣ መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ቆሞ እስከ አፉ ይሙሉ፤ አረፋው እስኪወርድ ጠብቀው ይጨምሩበት። የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ይመዝግቡ። ከ1,000 ኪሎ ሜትር ያላነሰ ከተነዳ በኋላ እዚያው ቦታ በዚያው አኳኋን ይሙሉት። 1,150 ኪሎ ሜትር ሄዶ 470 ሊትር ከገባለት ፍጆታው በ100 ኪሎ ሜትር 40.9 ሊትር ነው። በአጭር ጉዞ፣ ለምሳሌ በ200 ኪሎ ሜትር የተወሰደ ልኬት የሚታመን አይደለም፤ በአሞላል ላይ የ10 ሊትር ስህተት ብቻ ውጤቱን በ5 ሊትር ያዛባዋል።

ሙቀትም ይቆጠራል። ናፍጣ በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ በ0.08 በመቶ ገደማ ይሰፋል። በቀትር የተቀዳ 400 ሊትር ሌሊት በ15 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ 5 ሊትር ያህል ይቀንሳል። ማንም አልነካውም። ከመጀመሪያው የተለየ ቁመት ያለው ጎማ ከተገጠመ ደግሞ ቆጣሪው ራሱ ይዋሻል።

ልኬቱ ሦስት አራቴ ተደግሞ 48 ከመጣ ከሾፌሩ በፊት መኪናውን ይጠርጥሩ (የት እንደሚጀመር ቀጥሎ ያለውን መልስ ይመልከቱ)። ስርቆት የራሱ መልክ አለው፦ ፍጆታው ወጥ ሆኖ ከፍ አይልም፤ በአንዳንድ ጉዞ ይዘላል፣ በሌላው ይስተካከላል፤ ሲዘልም ከጭነቱ ክብደት ወይም ከዳገቱ ጋር አይገናኝም። የመካኒክ ችግር ግን በየጉዞው አለ፤ ባዶውን ሲሄድም አለ። አንድ ሰው ለብቻው ሲነዳ ብቻ የሚታይ ልዩነት ደግሞ ከስርቆት ይልቅ የአነዳድ ሊሆን ስለሚችል በችኮላ አይፍረዱ።

የተሻለው መከላከያ ሾፌሩን በቁጠባው ተካፋይ ማድረግ ነው። ለመንገዱና ለጭነቱ የሚሆን ሊትር ተስማምተው ይወስኑ፤ ከዚያ በታች ከተረፈው ግማሹ የእሱ ይሁን። ግቡ ግን የሚደረስበት መሆን አለበት፤ የማይደረስበት ግብ ሰውን ቁልቁለት ላይ በፍሪ (ማርሽ አውጥቶ) ወደ መልቀቅ ይገፋዋል፤ እሱም ራሱን የቻለ መዘዝ አለው።

ፍጆታው በሦስት ወር ውስጥ ከ41 ወደ 46 ወጣ። ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ አለው። ጋራዡ «ፖምፓና ኖዝል ይውረድ» አለኝ። ወጪው ከባድ ነው፤ ሌላ የማየው ነገር አለ?
*ሾፌርም ባለቤትም*

አለ፤ እንዲያውም ናፍጣውን በግፊት የሚልከው ፖምፓ የመጨረሻው ነው። በነጻ ከሚታየው ይጀምሩ።

ጎማ። ማለዳ፣ መኪናው ሳይነሳ፣ ሁሉም በጌጅ ይለካ። በሁሉም ጎማዎች ላይ 10 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ቢጎድል ፍጆታው በ1 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ለብቻው ትልቅ ባይሆንም የጎማውን ዕድሜ አብሮ ይበላል። ብዙ ጊዜ የሚረሳው የጥንዱ ውስጠኛ ጎማ ነው። እሱ ሲጎድል ሸክሙን ውጨኛው ይወስደዋል፣ ይግላል፣ ይፈነዳል። በመንገድ ላይ የጋለ ጎማ ከ10 እስከ 15 ፒኤስአይ ከፍ ብሎ ይነበባል፤ በዝቷል ብለው እንዳያስተነፍሱት፣ ሲቀዘቅዝ ጎዶሎ ይሆናል።

ፍሬን። 20 ኪሎ ሜትር ያህል ፍሬን ብዙ ሳይይዙ ነድተው በዝግታ ይቁሙና የየጎማውን መሐል ሙቀት ያነጻጽሩ። በጨረር የሚለካ ቴርሞሜትር ካለ መልካም፤ ከሌለ የእጅዎን ጀርባ ሳይነኩ ጠጋ ያድርጉ። አንዱ ከሌሎቹ በ30 ዲግሪ ቢበልጥ ያ ጎማ ተይዟል። ምክንያቱ ከመጠን በላይ የተጠበቀ ፍሬን፣ የደከመ መላሽ ስፕሪንግ ወይም የደረቀ ካም ሊሆን ይችላል። ሌላም አለ፦ የማቆሚያ ፍሬኑ ስፕሪንግ የሚለቀቀው በአየር ግፊት ነው። በአንዱ መስመር አየር እየሾለከ ከሆነ ስፕሪንጉ ሙሉ በሙሉ አይሰበሰብም፤ መኪናው በከፊል እንደተያዘ ቀኑን ሙሉ ይጎትታል። ተሳቢው ላይ ይህ በጣም የተለመደ ነው፤ ሾፌሩ ጋቢና ሆኖ አይሰማውም።

ከዚያ አሰላለፍ። የፊት ጎማ ጥርስ ላይ እጅዎን ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከዚያም ከውስጥ ወደ ውጭ ይሂዱበት። በአንዱ አቅጣጫ ልስልስ ብሎ በሌላው እንደ መጋዝ የሚያዝ ከሆነ አላይመንቱ ወጥቷል።

አሁን ወደ ጭሱ። ጥቁር ጭስ ማለት አየር አንሷል ወይም ናፍጣ በዝቷል ነው። ነጭ ጭስ ያልተቃጠለ ናፍጣ፣ ሰማያዊ የሚቃጠል ዘይት ነው፤ የእርስዎ ጥቁር ስለሆነ አየሩን ያስቀድሙ። የአየር ፊልትሮው ምን ያህል ቆየ? አመልካች ካለው ቀይ ገብቷል? ፊልትሮን በኃይለኛ አየር እየነፉ ደጋግመው መጠቀም በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ይከፍትበታል፤ በዚያ የሚገባው አቧራ ቱርቦውን (አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋውን) እና ሲሊንደሩን ይፍቃል። ቀጥሎ ከቱርቦው እስከ ኢንተርኩለሩ (አየሩን የሚያቀዘቅዘው)፣ ከኢንተርኩለሩ እስከ ሞተሩ ያሉትን የጎማ ቧንቧዎች ይፈትሹ። ስንጥቁ ሞተሩ ሥራ ሲፈታ ይገጥማል፣ ግፊት ሲመጣ ይከፈታል፤ ጭሱ ዳገት ላይ ብቻ የሚታየውም ለዚህ ሊሆን ይችላል። መጋጠሚያው ዙሪያ ቅባታማ አቧራ ከተለጠፈ አየር ከዚያ እየወጣ ነው። የሳሙና ውኃ ቀብተው ሞተሩ ግፊት ሲሠራ አረፋ ካወጣ ጥርጣሬ አይቀርም። የአንድ ማሰሪያ ቀለበት ዋጋ የሚያድነው ሥራ ነው።

ተርሞስታቱ (የሞተሩን ሙቀት የሚጠብቀው) አለ? መኪናው ሲሞቅበት አውጥቶ የጣለ መካኒክ ጥቂት አይደለም። ሞተር ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ባለው ሙቀት እንዲሠራ ነው የተሠራው። ጠቋሚው ሜዳ ላይ ከ70 በታች የሚቆይ ከሆነ ናፍጣው በወጉ አይቃጠልም፣ ከሲሊንደሩ ወርዶ ዘይቱን ያቀጥነዋል። የሞቀው በተዘጋ ራዲያተር ምክንያት ከነበረ ራዲያተሩ ይጽዳ እንጂ ተርሞስታት አይወጣም። የራዲያተሩ ማራገቢያም ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ሳለ እየጮኸ የሚሽከረከር ከሆነ ማላቀቂያው ተጣብቋል ማለት ነው፤ ማራገቢያ ከሞተሩ ላይ የሚወስደው ጉልበት ቀላል አይደለም።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ናፍጣውን የሚረጩት ኖዝሎች ይውረዱና በመፈተሻ ማሽን ላይ ይታዩ። የሚፈለገው ሁለት ነገር ነው፦ የመክፈቻ ግፊቱ በፋብሪካው ልክ ነው ወይ፣ ጫፉ ይረጫል ወይስ ያንጠባጥባል? የሚያንጠባጥብ ኖዝል ፒስተን እስከ መብሳት ይደርሳል። ፖምፓው የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው። «ጉልበት እንዲኖረው» ብሎ የናፍጣ መጠኑን ብሎን የሚከፍት መካኒክ ካለ ጋራዡን ይቀይሩ።

ቁልቁለት ላይ በፍሪ መልቀቅ ናፍጣ ይቆጥባል ወይ?
*ከባድ መኪና ሾፌር*

አይቆጥብም። መኪናው ማርሽ ውስጥ ሆኖ ናፍጣ ሳይሰጡት ሲወርድ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው፤ ከሥራ ፈት ዙር በላይ እስከሆነ ድረስ መቆጣጠሪያው ናፍጣውን ይዘጋዋል፤ ፍጆታው ዜሮ ነው። በፍሪ ሲሆን ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ናፍጣ መጠጣት አለበት። ስለዚህ በፍሪ የሚለቅ ሰው ናፍጣም ያወጣል፣ የሞተር ፍሬኑንም ያጣል። 40 ቶን የሚይዘው የእግር ፍሬን ብቻ ይሆናል፤ ድራሙ ሲግል ይሰፋል፣ የፍሬን ሸራው መያዝ ያቆማል፣ በዚያ ፍጥነት ማርሽ መልሶ ማስገባትም አይቻልም። ለመውጣት የሚያስፈልገው ማርሽ ለመውረድም ያስፈልጋል።

ፍጥነት ብቀንስ ጊዜዬን አጣለሁ። በእርግጥ ያዋጣል?
*ረጅም መንገድ የሚነዳ*

በቁጥር እንየው። 600 ኪሎ ሜትር በ95 ቢነዱ 6 ሰዓት ከ19 ደቂቃ፣ በ80 ቢነዱ 7 ሰዓት ተኩል ነው፤ ልዩነቱ 1 ሰዓት ከ11 ደቂቃ። የአየር ተቃውሞ በፍጥነቱ ካሬ ያድጋል፤ ከ80 ወደ 95 ሲወጡ በ41 በመቶ ይጨምራል። ተቃውሞው ከጠቅላላው ሸክም ከፊሉ ስለሆነ ፍጆታ ላይ የሚያመጣው ልዩነት ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው። በዚያ ርቀት ከ25 እስከ 38 ሊትር ማለት ነው። ያቺ ሰዓት ከመድረሻው በር ላይ ተራ ለመጠበቅ የምትውል ከሆነ ለምን ይገዟታል? ቀድመው ደርሰው ሌላ ጭነት በዕለቱ የሚያነሱ ከሆነ ግን ሒሳቡ ይለወጣል። የተፈታ የጭነት መሸፈኛ ሸራም አየር እየያዘ ይጎትታል፤ ባዶ ሲሄዱም ጥብቅ ይሁን።

ከፍጥነት ይልቅ የሚታለፈው መኪናው ቆሞ የሚሠራው ሞተር ነው። ከባድ ሞተር ቆሞ ሲሠራ በሰዓት ወደ 3 ሊትር ያቃጥላል። በቀን 3 ሰዓት፣ በወር 25 ቀን ቢሆን 225 ሊትር ነው፤ አንድ ጎማ ሳይዞር። ጠዋት የፍሬን አየር እስኪሞላ፣ ማታ ደግሞ ከከባድ ዳገት በኋላ ቱርቦው እስኪቀዘቅዝ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይበቃል። ሾፌሩ ሞተር የማያጠፋው «ባጠፋው አይነሳም» ብሎ ከሆነ ባትሪውን ወይም ሞተሪኖውን ይለውጡለት፤ በ225 ሊትር ዋጋ ብዙ ነገር ይገዛል።

ከመንገድ ዳር በጀሪካን የሚሸጥ ርካሽ ናፍጣ እያገኘሁ ነው። ላምባም የሚቀላቅሉ አሉ። ጉዳቱ ምን ያህል ነው?

ላምባ ከናፍጣ የቀለለ ነው፤ በሊትር የሚሰጠው ኃይልም ያንሳል። ስለዚህ የርካሽነቱ ከፊል በፍጆታ ይመለሳል። ዋናው ጉዳት ግን ማለስለሻነት ስለሌለው ነው፤ ፖምፓና ኖዝል በአብዛኛው የሚቀቡት በራሱ በናፍጣው ነው። በተለይ በከፍተኛ ግፊት የሚሠሩት አዳዲሶቹ ሞተሮች ፖምፓቸው ሲፋቅ የብረት ብናኙ ወደ ሁሉም ኢንጀክተር ይሄዳል፤ ያኔ የሚለወጠው አንድ ዕቃ ሳይሆን መስመሩ በሙሉ ነው። የጀሪካን ናፍጣ ደግሞ ውኃና ቆሻሻ አያጣም። ግድ ሆኖ ከቀዱ በመስታወት ዕቃ ጥቂት ወስደው 15 ደቂቃ ያስቀምጡት፤ ከታች የተለየ ንጣፍ ከሠራ ወይም ከደፈረሰ አይጠቀሙበት። የውኃ መለያውን ማለዳ ማለዳ ያፍስሱ።

ነዳጅ ቱቦ ላይ የሚታሰር ማግኔት 20 በመቶ ይቆጥባል ብለው ሸጡልኝ። ለውጥ አላየሁም።

አያዩምም። ናፍጣ በማግኔት የሚለወጥ ነገር የለውም። የቀድሞውን ዓይነት ልኬት ደግመው ከለኩ በኋላ ገንዘብዎን ይጠይቁ።

ኪሳራውን ለማካካስ ጥቂት ኩንታል ብጨምር ምን አለበት? ናፍጣው እንደሆነ ብዙም አይጨምርም።

ስለ ናፍጣው ልክ ነዎት፤ ሜዳ ላይ አንድ ቶን በ100 ኪሎ ሜትር ግማሽ ሊትር ገደማ ነው የሚጨምረው፤ ዳገት ላይ ይበልጣል። ሒሳቡ የሚመጣው ከሌላ በኩል ነው፦ ከጎማ፣ ከባሌስትራ፣ ከፍሪሲዮን፣ ከዲፈረንሻል፣ ከፍሬን። ከልክ በላይ ተጭኖ ለደረሰ አደጋ ኢንሹራንሱ አልከፍልም ሊል ይችላል። መንገዱን በተመለከተ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1958 እስከ 1960 በአሜሪካ በተካሄደው የአሾ (የአውራ ጎዳና ባለሥልጣናት ማኅበር) የመንገድ ሙከራ እንደታየው ጉዳቱ በአክስል ክብደት አራተኛ ርቢ ገደማ ያድጋል፤ አክስሉ በ20 በመቶ ሲከብድ መንገዱ በእጥፍ ይጎዳል። በዚያ በተቦረቦረ መንገድ ነገ የሚመላለሱት እርስዎ ነዎት።

በሌላ አገር እንዲህ ሲሆን ባለ መኪናዎች ምን አገኙ?

(ወራቱና ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ የአሜሪካ ባለ መኪናዎች መንገድ ዘግተው፣ በቀጣዩ የካቲትም ሥራ አቁመው ነበር፤ የ6 በመቶ የነዳጅ ጭማሪ ተፈቀደላቸው። በብራዚል በግንቦት 2018 ናፍጣ በየቀኑ ስለሚለዋወጥባቸው ወደ 10 ቀን ገደማ ሥራ አቆሙ፤ መንግሥት የናፍጣውን ዋጋ ለጊዜው ቀነሰ፣ በዚያው ዓመትም ዝቅተኛ የማጓጓዣ ዋጋ የሚወስን ሕግ ወጣ። የዝቅተኛው ዋጋ ሠንጠረዥ ናፍጣ ከተወሰነ መቶኛ በላይ ሲንቀሳቀስ ይታረማል፤ መጀመሪያ 10 በመቶ ነበር፣ በ2022 ወደ 5 ወረደ። ስፔን በመጋቢት 2022 ከተደረገው ረጅም አድማ በኋላ በሊትር 20 የዩሮ ሳንቲም ድጎማ ሰጠች፤ በነሐሴም ከወጪ በታች ማጓጓዝን የሚከለክል ደንብ አወጣች። ከሦስቱ ለባለ አንድ መኪናው የሚጠቅመው የመጨረሻው ዓይነት ይመስለናል፤ ድጎማ ቀኑ ሲያልቅ ያልቃል። ይሁንና ከወጪ በታች መሥራት የሚከለከለው ባለ መኪናው ወጪውን ሲያውቅ ነው።

አሮጌውን ሸጬ በብድር አዲስ ልግዛ ወይ? አሮጌው በአማካይ 48፣ አዲሱ 36 ሊትር ነው ይላሉ።

የወር ክፍያውን ወደ ሊትር ይለውጡት። 12 ሊትር ልዩነት በወር 8,000 ኪሎ ሜትር ሲሆን 960 ሊትር፣ በ125 ሒሳብ 120,000 ነው። የብድሩ ክፍያ 300,000 ከሆነ 2,400 ሊትር ማለት ነው፤ በናፍጣ ቁጠባ ብቻ ለመክፈል በወር 20,000 ኪሎ ሜትር መንዳት ወይም ናፍጣ ከ312 በላይ መግባት አለበት። የጥገና ወጪና መኪናው ጋራዥ የሚቆምበትን ቀን ይጨምሩበትና ያወዳድሩ። አዲሶቹ ሞተሮች አብዛኞቹ አድብሉ (የጭስ ማጽጃ ፈሳሽ) ይፈልጋሉ፣ ከናፍጣው 5 በመቶ ገደማ፤ ሰልፈር የበዛበት ናፍጣ ደግሞ የጭስ ማጣሪያቸውን ያበላሸዋል። ብዙ ኪሎ ሜትር ለማይሠራ ሰው በደንብ የተያዘ አሮጌ መኪና ብዙ ጊዜ ይሻላል።

የሚቀርብልኝ ዋጋ ወርዷል። ለዚያው ለ500 ኪሎ ሜትር ምልልስ 60,000 ይሉኛል። ልሂድ ወይስ መኪናውን ላቁም?
*ባለ አንድ መኪና*

ወጪዎን ለሁለት ይክፈሉት። ከሄዱ ብቻ የሚወጣው፦ ናፍጣ 350 ሊትር በ125 ማለትም 43,750፣ ጎማና ዘይት ጥገናን ጨምሮ 9,000፣ የመንገድ አበል 4,000 ቢሆን በድምሩ 56,750 ነው። ቆመውም የሚከፈለው፦ ብድር፣ ኢንሹራንስ፣ ደሞዝ፣ ፈቃድ በወር 150,000 ቢሆን ለ8 ምልልስ ሲካፈል 18,750 ይደርሰዋል። ሙሉ ወጪዎ 75,500 ነው።

ከ56,750 በታች ከሆነ አይንቀሳቀሱ፤ እያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ዕዳ ነው። ከ75,500 በላይ ከሆነ ትርፍ አለው። የቀረበልዎት 60,000 በመካከል ነው፤ ቢሄዱ ከመቆም ይልቅ 3,250 ያተርፋሉ፣ ነገር ግን ኪሳራው አለ። ለአንድ ሁለት ወር ደንበኛ ላለማጣት ሊሠሩበት ይችላሉ። ከዚያ ሲያልፍ የሚበላው የጎማና የሞተር ማደሻ ገንዘብ ነው። 9,000ውን በየምልልሱ በተለየ ሒሳብ ካላስቀመጡት ትርፍ መስሎ ይታይና ጎማው ሲያልቅ ይገለጣል።

የመመለሻ ጭነት ከተገኘ ሒሳቡ ለየት ይላል። ባዶም ቢሆን መመለስዎ ስለማይቀር፣ የሚቆጠረው በጭነቱ ምክንያት የሚጨመረው ብቻ ነው፦ 70 ሊትር፣ ማለትም 8,750፣ የመጫኛና የማራገፊያ ወጪ ካለ እሱ፣ እና የጥበቃ ቀን። 150,000 ለ30 ሲካፈል የአንድ ቀን ቋሚ ወጪ 5,000 ነው። ጭነቱን ለማግኘት 3 ቀን የሚያስጠብቅ ከሆነ ከ23,750 በታች አይቀበሉ። በዕለቱ የሚጫን ከሆነ ግን 15,000ም ቢሉዎት ይጫኑ።